የመዳቡ አሸንዳ

ሃሰልባህ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1983

ለእህቴ ለዜንዚ፣

የሚስቴ እህት ነሽና አማቼ ልልሽ ይገባኝ ነበር፤ ግን እህቴ ማለት ከለመደብኝ አርባ ዓመት አልፎታል። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የገዳሙ ወጥ ቤት ደረጃ አሁንም ይፈትንሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሰባ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ደህና የሚሆነውን ያህል ማለቴ ነው።

ካርድሽ የደረሰኝ በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ሳልመልስልሽ መቆየቴ ከኩርፊያ አይደለም፤ ወረቀትና እኔ መቼም ተስማምተን አናውቅም። ስልክ ያለው ጎረቤቴ ቲልዳ ቤት ብቻ ነው፣ እሷ ቤት የተነገረ ደግሞ ምሳ ሳይደርስ ሸለቆውን ያዳርሳል። «ተቀይመኸኛል ወይ?» ላልሽው አልተቀየምኩሽም። ሎኒ የተቀበረች ዕለት ግን ዓይኔን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሳልነቅል መዋሌን አልደብቅሽም። የእህቷን ቀብር የቀረ ሰው ምክንያት አያጣም። ስትችይ ትነግሪኛለሽ።

ስለ አትክልቱ ቦታ ለጠየቅሽኝ ምን ልበልሽ? በግቢያችን ካለችው ከትንሿ ጸሎት ቤታችን ጎን ያለውን መደብ ታውቂዋለሽ። ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል፤ ከቀትር በኋላ የጸሎት ቤቱና የፖም ዛፉ ጥላ ይወርድበታል። ሎኒ ኮሎምባይን የሚባሉትን ነጭ አበቦች የተከለችው እዚያ ነው። አንገታቸውን ደፍተው ሲያብቡ አምስት እርግቦች ከአንድ ሳህን ውሃ የሚጠጡ ስለሚመስሉ «እርግቦቼ» ትላቸው ነበር። ነፍሷ ልትወጣ ስትል እጄን ይዛ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እርግቦቼን ውሃ እንዳታስጠማብኝ»። እሺ አልኳት። የሰጠኋት የመጨረሻ ቃል ስለሆነ ልጠብቀው እፈልጋለሁ። ግን ዜንዚ፣ እኔ የጣሪያ አሸንዳ ሠሪ ነኝ። ስለ ቆርቆሮ ጠይቂኝ።

የሰበሰበችውን ዘር በወረቀት ጠቅልላ ትታልኛለች። ብርድ እንዳይገድለው ብዬ ክረምቱን ሙሉ ከምድጃው በላይ አሙቄ አስቀመጥኩት። በማርች ዘርቼ አፈር በደንብ አለበስኩት። እስካሁን አንድም አልወጣም። ምን አጠፋሁ?

ወንድምሽ ቬንደሊን


ብሬገንዝ፣ ሜይ 3 ቀን 1983

ቬንደል፣

አነበብኩና ሳቅኩ፤ መነኩሲቷ እህት ማርጋሬታ «ምን አገኘሽ?» አለችኝ። «የኮሎምባይን ዘር ምድጃ ላይ የሚያሞቅ ሰው አገኘሁ» አልኳት። አንተ ሰው! ያ ዘር ብርድ ካልነካው አይነቃም። ከበረዶ በፊት ሜዳ ላይ ይበተናል፤ በረዶው ይተኛበታል፤ ሲቀልጥ ይነሳል። አፈርም አይለብስም፣ ብርሃን ይፈልጋል። አፈሩን በመዳፍህ ጫን አድርገህ ዘሩን ከላይ ትበትነዋለህ፣ በቃ። የሎኒ ዘር ከተረፈ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሞክረው። የወጣው ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ነው፤ አበባ የምታየው በሁለተኛው ነው። ሞተ ብለህ እንዳትነቅለው።

የቆዩትን እግሮች ከቦታቸው እንዳታነሳ። ሥራቸው እንደ ካሮት ቁልቁል ይወርዳል፣ ከተቆረጠ አይመለስም። በዚያ መደብ አካፋ የሚባል ነገር አይግባ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብበው።

ከነጮቹ መሃል ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከወጣ እንደፈካ ንቀለው። ንቡ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ያደባልቃቸዋል፣ የሚቀጥለው ዘር ነጭ አይሆንም። ሎኒ በየዓመቱ ታደርገው ነበር። አላየህም? አታይም፣ ጣሪያ ላይ ነበርክ።

ሌላውን ጥያቄህን ተወው። ቀብሩን የቀረሁት ስላልወደድኳት አይደለም። ከዚህ በላይ አታስለፍልፈኝ።

ዜንዚ


ሃሰልባህ፣ ጁን 19 ቀን 1983

እህቴ ዜንዚ፣

ፈኩ! ትላንት ከቅዳሴ ስመለስ ቆሜ ቆጠርኳቸው፤ ወደ ሠላሳ እግር ነው፣ ሁሉም ነጭ፣ አንድ ሰማያዊ ሲቀር። ንቀለው ብለሽኛል። መቀስ ይዤ ወጣሁ፣ አየሁት፣ መቀሱን ይዤ ተመለስኩ። እሷ በሞተች በስምንት ወሯ ከእሷ መደብ አበባ የምነቅል እኔ ማነኝ? ደግሞም ከነጭ ዘር ሰማያዊ እንዴት እንደወጣ አልገባኝም። ከየት መጣ? ንቡ ብለሻል፣ ግን በሰፈራችን ሰማያዊ ያለው ማን ነው?

ሌላ የሚገርም ነገር አለ። አንዳንዱ ቅጠል ላይ ነጭ ጠመዝማዛ መስመር ተስሎበታል፣ ጽሕፈት የጀመረ ልጅ እንደሞነጫጨረው። ስቀልድ አይደለም፣ መነጽሬን አድርጌ ላነበው ሞከርኩ። ቲልዳ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ደብዳቤ ነው?» አለችኝ። «ይመስላል» ብላት «እንግዲህ አራተኛ ክፍልህን ጨርሰህ ብትሆን ኖሮ ታነበው ነበር» ብላ ሄደች። ከሎኒ ሞት ወዲህ በየሐሙሱ ድብልብል ዳቦ ያለበት ሾርባ የምታመጣልኝ እሷ ስለሆነች ይቅር አልኳት።

አሁን ደግሞ የምሥራች። ጠዋት የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ጠፈጠፍ በቀጥታ አበቦቹ ላይ እንደሚወርድ አስተዋልኩ። ባለፈው ዝናብ ጭቃ ረጨባቸው፣ ሁለቱን አንገታቸውን ሰበረ። ታስታውሺ እንደሆነ ሎኒ ለዚያች ጣሪያ አሸንዳ ልስቀል ብዬ በጠየቅኋት ቁጥር «አይሆንም» ነበር መልሷ። «ለምን?» ስላት «እንዲሁ»። የሰፈሩ መሳቂያ ሆንኩ፤ ለሸለቆው ሁሉ አሸንዳ የሠራ ሰው የራሱ ጸሎት ቤት ግን ያንጠባጥባል። በሷ እልህ እኔም ስስቅ ኖርኩ። ከሞተች በኋላ ግን ያንን እልህ ይዞ መቀጠል የሚያስከብራት አልመሰለኝም። ስለዚህ ካስቀመጥኩት ጥሩ መዳብ በሕይወቴ ያልሠራሁትን ዓይነት አሸንዳ ልሠራላት ነው። ለሙት ዓመቷ በኦክቶበር። አበቦቿም ከዚያ ዱላ ያርፋሉ።

በነገራችን ላይ የላይኛው መንደር የማግዳሌና ቤተ ክርስቲያንን አሸንዳ ስሰቅል፣ በ1951፣ አንዲት አሮጊት ከመሰላሉ ስር ቆማ «ከኋላ በኩል አንድ ክንድ ያህል ክፍት ተውልኝ» ያለችኝን ነግሬሽ አውቃለሁ? «እማማ፣ አሸንዳ እንደ እርስዎ ጥርስ መሰለዎት፣ መሃሉ የሚጎድል?» አልኳት። ሠራተኞቹ ከሳቅ ብዛት መሰላሉን ሊለቁብኝ ነበር። አሸንዳ በያዝኩ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

ቬንደሊን


ብሬገንዝ፣ ጁላይ 21 ቀን 1983

ቬንደል፣

ሁለት ሳምንት በእግሬ ምክንያት ተኝቼ ነበር። ደብዳቤህን ዛሬ ሰጡኝ። በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ሰላምታ የለውም፣ ይቅር በለኝ።

አሸንዳውን አትስቀል።

ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ለሎኒ ምያለሁ። ቅጠሉ ላይ ያለው መስመር ትል ነው፣ ቅጠሉን ቆርጠህ ጣለው። አሸንዳውን ግን አትስቀል።

ዜንዚ


ሃሰልባህ፣ ኦገስት 24 ቀን 1983

ዜንዚ፣

ደብዳቤሽ ሲደርስ አሸንዳው ተሰቅሎ ሳምንት ሞልቶት ነበር። በኦክቶበር ብዬሽ ነበር፣ ግን ጉልበቴ በመከር መሰላል የሚወጣልኝ ስላልመሰለኝ ቸኮልኩ። አባ ካሲያን መጥተው ባረኩት። «ቬንደሊን፣ የጳጳሱ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ የለውም» አሉኝ። ቲልዳ ግን «ይህን ሁሉ ዓመት ተስቆብህ አሁን?» አለች።

ያኔ አንቺ አትስቀል አልሽኝ። ደብዳቤሽን ኪሴ ይዤ ስንት ቀን እንደዞርኩ አትጠይቂኝ። ሎኒ አይሆንም አለች፣ ምክንያት የለም። አንቺም አይሆንም አልሽ፣ ምክንያት የለም። ሁለት እህቶች በአንድ የቆርቆሮ ቦይ ላይ ይማማላሉ? ብትነግሪኝ እሰማሻለሁ፤ ካልነገርሽኝ ግን የሚስቴን ማስታወሻ በአንድ መስመር ትእዛዝ አላወርድም። ይህን ስጽፍ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ሳነበው ቁጣው የሌላ ሰው ይመስላል፣ ግን አልሰርዘውም።

ሌላው ችግሬ እነሆ። እርግቦቹ እየሞቱ ነው። ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያም እንደ ወረቀት ተኮማተረ። ጠፈጠፉ ቀርቶላቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። የጣሪያው ጫፍ ዝናቡን ስለሚከልል ግድግዳው ስር ያለው አፈር ደረቅ ነው፤ በአሸንዳው መጨረሻ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ ፖም ዛፉ ይሄዳል። ጠዋትና ማታ በባልዲ አጠጣለሁ፤ ግን አይበቃቸውም ወይም አይወዱትም። ውሃ እንዳታስጠማብኝ ያለችኝን ቃል ይዤ ባልዲ ተሸክሜ ስመላለስ፣ ቃሌን እየጠበቅሁ ይሁን እያፈረስኩ እኔው አላውቅም። ማታ ስጸልይ የመጀመሪያው ሐሳቤ ይኸው ነው። እባክሽ፣ ምን ብለሽ ማልሽላት?

ቬንደሊን


ብሬገንዝ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1983

ቬንደል፣

ከእህት ማርጋሬታ ጋር ተማከርኩ። «ለሞተች ሰው የተማለ መሐላ በሕይወት ያለውን ሰው የሚጎዳ ከሆነ እግዚአብሔር አይጠይቅሽም» አለችኝ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን እነግርሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

በ1948 ፌብሩዋሪ አንተ ኢንስብሩክ ከተማ በጦርነቱ ቦምብ የፈረሰ ጣሪያ ስትጠግን ነበር። ልጃችሁ ሞቶ ተወለደ ብለን ጽፈንልህ ነበር። ሴት ነበረች። አልተነፈሰችም፣ ክርስትናም አልተነሳች። የያኔው ቄስ ክርስትና ያልተነሳ በመቃብሩ ግቢ አይገባም አለ። አዋላጇ ከአጥሩ ውጭ እወስዳታለሁ ብላ ነበር። እናታችን ግን አልሰጠቻትም። «ከተባረከ ጣሪያ የሚወርድ ጠፈጠፍ ያጠምቃል» አለች። የድሮ ሰዎች እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ጠርዝ ስር ይቀብሯቸው ነበር። እኛ ጸሎት ቤት ነበረን።

መሬቱ በረዶ ስለነበር እሳት አንድደን አሟሟነው። በሎኒ የሰርግ ሻሽ ጠቅልለን ግድግዳው ስር አስቀመጥናት። በማርች ፀሐይ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ያለው በረዶ መንጠባጠብ ሲጀምር ሎኒ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ሰማች። «ተጠመቀች» አለች። ነጩን ኮሎምባይን የተከለችው ሥሩ ስለሚጠልቅ፣ ማንም እንዳይቆፍር ነው። ነጭ የመረጠችው ለጥምቀቱ ቀሚስ ነው።

ለፋሲካ ስትመጣ ሎኒ «አዋላጇ ወሰደቻት» ብላ ዋሸችህ። አንተም አልጠየቅህም። በኋላ «ንገሪው» ስላት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «ካወቀ ከእንግዲህ የቤተ ክርስቲያን አሸንዳ እጁ አይነካም። ከዚያ ምን ልንበላ ነው?» ከዚያም ስትታመም ሆስፒታል «ወይ አንቺ ንገሪው ወይ እኔ እነግረዋለሁ» አልኳት። «ከነገርሽው ቀብሬ ላይ አትምጪ» አለች። እንደማልነግርህ ማልኩላት፤ ግን አንተን ባየሁ ዝም የምል አልመሰለኝም። ስለዚህ አልመጣሁም።

እኔ ጠፈጠፉ ያጠምቃል አያጠምቅም አላውቅም። ግን ሠላሳ አምስት ዓመት የጠበቀችው እሱን ነው።

ዜንዚ


ሃሰልባህ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1983

እህቴ ዜንዚ፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት፤ ይኸኛውን ግን እልከዋለሁ።

አሸንዳውን ደብዳቤሽ በደረሰ ዕለት፣ የማታው ደወል ሳይደወል አወረድኩት። ቲልዳ መሰላሉን ይዛልኝ ነበር። «ምን ሆንክ? የጳጳሱ ቤት የሌለውን!» አለች።

«ተሳስቼ ነው» አልኳት።

«አንተ? በአሸንዳ?»

«በአሸንዳ።»

ስወርድ መዳቡን ተቀበለችኝና «ከባድ ነው» ብቻ አለች።

አሁን ማንም የማያውቀውን ልንገርሽ። ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ ክርስትና ያልተነሱት ይቀበሩበት የነበረውን ሜዳ ባለፍኩ ቁጥር ባርኔጣዬን አወልቅ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት። እዚያ መስላኝ ነበር። ሎኒ አጠገቤ ስትሄድ ታየኝ ነበር፣ አንዳንዴ ክንዴን ጠበቅ ታደርገው ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ለማላውቃቸው ልጆች ሰላምታ እየሰጠሁ የራሴን በየቀኑ ሳላያት ሳልፍ ታያለች። መጠየቅ ነበረብኝ። አንዲት ጥያቄ ነበረች። እንዳላሳዝናት ብዬ ነው ስል ኖርኩ፣ ግን ምናልባት መልሱን ፈርቼ ነው። ይህን ለመለየት አልቻልኩም።

ከዚያ ደግሞ ያቺ የማግዳሌና አሮጊት። አንድ ክንድ ክፍት ተውልኝ ያለችኝ። በጥርሷ ሳቅሁባት፣ ዜንዚ። እንቅልፍ አጣሁ። በሸለቆው አሥራ አንድ ቤተ ክርስቲያን አሸንዳ ሰቅያለሁ፤ ግድግዳቸውን ከእርጥበት አዳንኩ ብዬ ስኮራ ነበር። በስንቱ መስኮት ስንት ሴት እያየችኝ ነበር?

አባ ካሲያን ዘንድ ሄድኩ። ምን ብዬ እንደምናዘዝ ጠፋኝ። አሸንዳ ሠራሁ ብዬ? እንደዚያው አልኳቸው። እሳቸውም «ቬንደሊን፣ የእግዚአብሔር ምሕረት በቆርቆሮ አይታገድም» አሉኝ። አምናቸዋለሁ። በእውነት አምናቸዋለሁ። ግን አሸንዳውን መልሰህ ስቀል ቢሉኝ እሺ የምል አይመስለኝም፤ ሁለቱን እንዴት አብሬ እንደያዝኩ አትጠይቂኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ላይኛው መንደር ወጣሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ አሮጊቷን ያውቃታል፤ ኦቲሊያ ነበር ስሟ፣ ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏታል። «ከኋላ በኩል አሸንዳው ላይ አንድ ክንድ ልቆርጥ ነው» አልኩት። «ግድግዳው ይረጥባል!» አለኝ። «ይርጠብ» አልኩት። «ኮሚቴው ምን ይላል?» «የሠራው ሽማግሌው ቬንደሊን እጁ ተበላሽቷል በላቸው።» መሰላል አመጣልኝ። ቆረጥኩት። ወደ ቀሩት አሥሩ ጉልበቴ አያደርሰኝም፣ ይህን ለእግዚአብሔር ተውኩት።

እርግቦቹ ደርቀዋል። መሬቱ ላይ ቡናማ ጉቶ ብቻ ነው። የተረፈውን ዘር እንዳልሽው አፈር ሳላለብስ በተንኩት። አካፋ አላስገባሁም።

ወንድምሽ ቬንደሊን


ሃሰልባህ፣ ጁን 11 ቀን 1984

እህቴ ዜንዚ፣

ለጥያቄዎችሽ በተራ ልመልስ፤ ካልሆነ እረሳቸዋለሁ። ጉልበቴ እንደ አምናው ነው። አዎ፣ ተመለሱ። ሞቱ ያልኳቸው እግሮች በኤፕሪል ከጉቶው ስር እንደ ጡጫ የተጨበጠ ቅጠል አወጡ። ሥሩ ቁልቁል ይወርዳል ብለሽኝ ነበር፤ ውሃ ያጡት ላይ ላዩን ነበር መሰለኝ። የበተንኩት ዘርም ወጥቷል፣ ዘንድሮ ቅጠል ብቻ ነው። አይ፣ ለሕፃኗ ስም አላወጣሁላትም። ሎኒ ካላወጣች እኔ ዛሬ ተነስቼ ላውጣ? አላውቅም። አንቺ ስትመጪ እንነጋገርበታለን። ኦገስት ላይ ለቀቅ የሚያደርጉሽ ከሆነ ከጣቢያው በቲልዳ ልጅ መኪና እቀበልሻለሁ።

ሰማያዊውን ለጠየቅሽኝ ግን ተናደጂብኝ፣ አልነቀልኩትም። ዘንድሮ ሦስት ሆኗል። የሚቀጥለው ዓመት ነጭና ሰማያዊ ተደባልቆ ይወጣል ማለት ነው። ሎኒ ነጩን ለቀሚሱ ነበር የጠበቀችው፤ ሕፃኗ ሠላሳ አምስት ዓመት ከለበሰችው አሁን ሌላ ቀለም ብትለብስ ምን አለበት አልኩ። ጥፋት ከሆነ የኔ ነው።

ትላንት ከቅዳሴ መልስ ዝናብ ጣለ። ጠፈጠፉ ከጣሪያው የእንጨት ክዳን ጫፍ ተራ በተራ ሲወርድ፣ አበቦቹም በየጠብታው አንገታቸውን ነቀነቅ ሲያደርጉ አየሁ። ዘንድሮ አንድም አልተሰበረም። ከፖም ዛፉ ስር ወጥቼ ግድግዳውን ተጠግቼ ቆምኩ፣ ልክ ጠፈጠፉ ስር። አናቴን አገኘኝ፣ ከዚያ በኮሌታዬ ወደ ጀርባዬ ወረደ። ቀዝቃዛ ነው። አሸንዳ ስሰቅል ሃምሳ ዓመት ኖርኩና ጠፈጠፍ ስር ቆሜ አላውቅም ነበር።

ቲልዳ መስኮቷን ከፈተች። «አንተ አሸንዳ ሠሪ! የሀገሩን ጣሪያ ስታደርቅ ኖረህ ለራስህ ባርኔጣ አጣህ?»

«አውልቄው ነው» አልኳት።

«ለማን?»

«ለልጄ» አልኳት።

መስኮቱን አልዘጋችውም። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለታችንም ባለንበት ቆየን።

ወንድምሽ ቬንደሊን